ኢኮኖሚክስ ተምሮ ሥራ ላይ ለመድረስ፦ ከዲፓርትመንት ምርጫ እስከ ቅጥር ፈተና

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ኢኮኖሚክስ የሚያጠኑ ተማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ካልኩለስና ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ሲገጥሙ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መተንተን) ሲመጣ፣ ከምረቃ በኋላ ደግሞ ቀጣሪው «ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቅ። የሦስቱም ምክንያት አንድ ነው። ተማሪው ኢኮኖሚክስን እንደ ታሪክ ወይም እንደ ሥነ ዜጋ አንብቦ ሊይዘው ይሞክራል፤ ትምህርቱ ግን በወረቀትና በኮምፒውተር ላይ ካልተሠራ አይያዝም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በዚህ አስተሳሰብ የተደረደሩ ናቸው። የኮርሶች ስምና ቅደም ተከተል ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ በመጠኑ ስለሚለያይ፣ መመሪያውን ሲያነቡ የዲፓርትመንትዎን የኮርስ ዝርዝር አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ደረጃ 1፦ ዲፓርትመንት ከመምረጥዎ በፊት

የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ኮርሶች ያሳልፋል፤ ዲፓርትመንት የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ሲሆን ምደባውም ውጤትን መሠረት ያደረገ ውድድር ነው። የምርጫ ፎርሙን ከመሙላትዎ በፊት የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ያድርጉ።

1. በማኅበራዊ ሳይንስ የሒሳብ ኮርስና በኢኮኖሚክስ መግቢያ ያገኙትን ግሬድ ከጠቅላላው አማካይ ለይተው ይመልከቱ። አማካይዎ ጥሩ ሆኖ የሒሳቡ ግሬድ ሲ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኢኮኖሚክስን መምረጥ ይችላሉ፤ ነገር ግን ደረጃ 2 ላይ ያለውን የክረምት ሥራ ሳይሠሩ ሁለተኛ ዓመትን አይጀምሩ።

2. ከሦስተኛ ዓመት ተማሪ የኢኮኖሜትሪክስ ሃንድአውት ተውሰው ጥቂት ገጾች ይገልብጡ። አሁን እንዲገባዎት አይጠበቅም። የሚፈለገው ቀሪዎቹ ዓመታት ምን እንደሚመስሉ በዓይንዎ እንዲያዩ ነው።

3. በኢትዮጆብስ ወይም በሪፖርተር ጋዜጣ የወጡ የቅርብ ጊዜ የሥራ ማስታወቂያዎችን ያንብቡና ኢኮኖሚክስን የሚጠቅሱትን ለይተው ከትምህርቱ በተጨማሪ ምን ችሎታ እንደሚጠይቁ ይጻፉ። ይህን ወረቀት አይጣሉት፤ ደረጃ 8 ላይ ይፈለጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ አካውንቲንግ የተማረ ሰው በስሙ የሚጠራ የሥራ መደብ አለው። «ኢኮኖሚስት» የሚል መደብ ግን ጥቂት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ያወጣሉ። አብዛኛው ማስታወቂያ «በኢኮኖሚክስ፣ በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ» ስለሚል፣ የሚወዳደሩት ከእነዚህ ሁሉ ተመራቂዎች ጋር ነው። ይህን የማይፈልግ ሰው አሁኑኑ አካውንቲንግ ቢመርጥ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም።

ደረጃ 2፦ ሒሳብን በክረምት መጠገን

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚወድቅ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ኢኮኖሚክሱ ከብዶት ሳይሆን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ እንዴት እንደተሻገረ መከተል አቅቶት ነው። በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የመጣ ተማሪ ደግሞ ካልኩለስን በቂ ልምምድ ሳያደርግበት ሊመጣ ይችላል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

1. በክፍልፋይና በአርቢ ቁጥር ይጀምሩ፤ በተለይ ክፍልፋይና ኔጌቲቭ አርቢዎችን ይለማመዱ። የኮብ ዳግላስ የምርት ፈንክሽን ሙሉ በሙሉ በእነዚህ ላይ የቆመ ነው።

2. ወደ ቀጥታ መስመር እኩልታ ይለፉ፤ ስሎፕን ከእኩልታም ከግራፍም ማውጣትን፣ ሁለት እኩልታዎችን በአንድነት መፍታትን ይሥሩ።

3. ሎጋሪዝምን ይከልሱ። ብዙዎች ይዘሉታል፤ ኋላ ኢኮኖሜትሪክስ ላይ የሚቸገሩትም እነሱ ናቸው።

4. የዴሪቬቲቭ ሕጎችን በየዓይነቱ በርከት ያሉ ጥያቄዎች በመሥራት ይያዙ።

5. ፓርሻል ዴሪቬቲቭንና የላግራንዥን ዘዴ (እንደ በጀት ባለ ገደብ ውስጥ ከፍተኛውን ውጤት መፈለጊያ) የመጨረሻ ያድርጉ።

መድረስዎን የሚፈትሹበት ጥያቄ

የሚከተለውን ጥያቄ ምንም ሳያዩ መሥራት ከቻሉ ለማይክሮ ኢኮኖሚክስ ዝግጁ ነዎት። አንድ ተማሪ በወር ለሻይና ለፓስቲ የሚያወጣው 800 ብር አለው። አንድ ብርጭቆ ሻይ 20 ብር፣ አንድ ፓስቲ 40 ብር ነው። እርካታው የሻይና የፓስቲ ብዛት ሲባዙ የሚገኘው ቁጥር ነው እንበል። እርካታው ከፍተኛ የሚሆነው ከየትኛው ስንት ሲገዛ ነው?

ላግራንዡን አዘጋጅተው ፓርሻል ዴሪቬቲቮቹን ከዜሮ ጋር ሲያስተካክሉ የፓስቲ ብዛት ለሻይ ብዛት ሲካፈል ከ20 ለ40 ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ያገኛሉ፤ ይህም ፓስቲው የሻይው ግማሽ ይሁን ማለት ነው። ይህን በበጀቱ እኩልታ ውስጥ ሲተኩ 20 ሻይና 10 ፓስቲ ይወጣል፤ እርካታው 200 ይሆናል። ላምዳ (በላግራንዡ ውስጥ የበጀቱን ገደብ የሚያባዛው ቁጥር) ደግሞ 0.5 ነው።

እዚህ ላይ አይቁሙ። በጀቱን 801 ብር አድርገው እንደገና ያስሉት። 20.025 ሻይና 10.0125 ፓስቲ ያገኛሉ፤ ሲባዙ 200.5 ገደማ ይመጣል። ጭማሪው ላምዳ ከነገረን 0.5 ጋር ተገጣጠመ። ላምዳ ማለት አንድ ተጨማሪ ብር የምታመጣው ተጨማሪ እርካታ መሆኑን በዚህ መንገድ በገዛ እጁ ያየ ተማሪ ፈተና ላይ ትርጉሙን ሲጠየቅ አይደናገጥም።

ካልሆነልዎት፦ መልሱ የተሳሳተው የት መስመር ላይ እንደሆነ ይፈልጉ። ዴሪቬቲቩን ማውጣት ካቃተዎት ወደ ቁጥር 4፣ ዴሪቬቲቩ ትክክል ሆኖ እኩልታዎቹን መፍታት ካቃተዎት ወደ ቁጥር 2 ይመለሱ። የላግራንዡን አፈታት እንደ ጸሎት በቃል መያዝ መፍትሔ አይሆንም፤ መምህሩ አንድ ቁጥር ሲቀይር ይፈርሳል።

ደረጃ 3፦ ማይክሮና ማክሮን ማጥናት

ግራፍ ሁልጊዜ በእጅ ይሣል

ከሞዱል ላይ ግራፍ ማየት ማጥናት አይደለም። ምዕራፉን ካነበቡ በኋላ ደብተሩን ዘግተው ግራፉን ባዶ ወረቀት ላይ ይሣሉት። በመጀመሪያ የሁለቱን አክሲሶች ስም ይጻፉ፣ ቀጥለው ከርቩን ይሣሉ፣ በመጨረሻም ከርቩ ለምን ወደዚያ አቅጣጫ እንደሚወርድ ወይም እንደሚወጣ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ያብራሩ። አክሲሱ ላይ ስም ያልጻፈ ተማሪ ያለ ጥርጥር ነጥብ ይቀነስበታል።

እስከ ማስተርስ ድረስ የሚከተል አንድ ስሕተት አለ፤ በከርቩ ላይ መንቀሳቀስንና የከርቩን መዛወር ማምታታት። የጤፍ ዋጋ ሲጨምር የሚገዛው የጤፍ መጠን ይቀንሳል፤ ይህ በዚያው የፍላጎት ከርቭ ላይ መንቀሳቀስ ነው። የስንዴ ዋጋ ጨምሮ ሰዎች ወደ ጤፍ ቢዞሩ ግን የጤፍ የፍላጎት ከርቭ ራሱ ወደ ቀኝ ይዛወራል። ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ «የተቀየረው አክሲስ ላይ ያለው ዋጋ ነው ወይስ ሌላ ነገር?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ።

ማክሮን በቅርብ በሆነው ነገር ይፈትኑት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያው ወር ባንኩ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ተመን ላይ ወደተመሠረተ አሠራር አዛወረ፤ የመጀመሪያው የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ነበር። ይህን አንድ ክስተት ይውሰዱና ውጤቱን በየፈርጁ ይከተሉ፦ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ላይ፣ በቡና ላኪው ገቢ ላይ፣ በዶላር በተያዘው የመንግሥት ዕዳ ላይ፣ በመደበኛውና በጥቁር ገበያው ተመን ልዩነት ላይ። እያንዳንዱን ፈርጅ ከየትኛው የመማሪያ ሞዴል ጋር እንደሚገናኝ ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ መልስዎ «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» በሚል አስተያየት ከጀመረ ይሰርዙት። የቡና ቤት ክርክር ለብቻው፣ ትንተና ለብቻው ነው። መጀመሪያ ምን እንደሚቀየር፣ ቀጥሎ በየትኛው መንገድ እንደሚተላለፍ፣ ከዚያም ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉ።

ደረጃ 4፦ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ

ዝግጅት

1. ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት በላፕቶፕዎ ወይም በላብ ኮምፒውተር ላይ አንድ ሶፍትዌር ይክፈቱ። መምህሮች በብዛት የሚጠቀሙት ስታታን ነው፤ ስታታ ግን ፈቃድ የሚገዛበት ስለሆነ ለራስዎ ልምምድ በነጻ የሚገኙትን አር ወይም ግሬትል መጫን ይችላሉ። ሁሉንም ለመልመድ አይሞክሩ፤ አንዱን ይያዙ።

2. ላፕቶፕ ከሌለዎት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው የላብ ሰዓት ይመድቡ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ያረጋግጥ። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው ትእዛዞቹን በራሱ እጅ የሚጽፍበት ተራ ሊኖረው ይገባል።

3. የሚጠቀሙባቸውን ትእዛዞች በሙሉ በዱ ፋይል (የስታታ የትእዛዝ ፋይል) ወይም በስክሪፕት ያስቀምጡ። ማውስ እየነኩ ያገኙትን ውጤት ከወር በኋላ መድገም አይችሉም፤ አማካሪዎ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ሲል መልስ ያጣሉ።

ውጤትን ማንበብ

ሬግሬሽን (አንድ ቫሪያብል ከሌሎች ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር የሚገምት ስሌት) ማስኬድ የደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚከብደው የወጣውን ማንበብ ነው። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንመልከት። የሠራተኞችን ደመወዝ ሎጋሪዝም በትምህርት ዓመታት ላይ አስኬደው የትምህርት ኮኤፊሸንት 0.08 ቢወጣ፣ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ከ8 በመቶ ገደማ ከፍ ካለ ደመወዝ ጋር ይያያዛል ብለው ይጽፋሉ። «ደመወዙን በ0.08 ብር ይጨምራል» ብሎ መጻፍ በየዓመቱ የሚታይ ስሕተት ነው። ኮኤፊሸንቱ ትልቅ ከሆነና ቫሪያብሉ ዳሚ (0 ወይም 1 ብቻ የሚይዝ) ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ለከተማ ነዋሪነት 0.5 ቢወጣ ልዩነቱ 50 በመቶ ሳይሆን 65 በመቶ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ኤክስፖኔንሻሉን ወስደው 1 መቀነስ አለብዎት።

«ይያያዛል» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። ትምህርት ብቻውን ደመወዙን እንዳሳደገ ለመናገር የቤተሰብ ሁኔታንና የተፈጥሮ ችሎታን ከውጤቱ የለዩበት ዘዴ ሊኖርዎት ይገባል፤ ካልኖረዎት «ያስከትላል» የሚለውን ቃል አይጠቀሙ።

የተለመዱ ብልሽቶችና መፍትሔያቸው

ሶፍትዌሩ አንድ ዳሚ ቫሪያብል በራሱ ከጣለ፣ ሁሉንም ምድቦች ከኮንስታንቱ ጋር አስገብተዋል ማለት ነው፤ አንዱን ምድብ ማነጻጸሪያ አድርገው ያውጡት። ስታንዳርድ ኤረሮቹ ከመጠን በላይ ተልቀው ምንም ነገር ትርጉም ያለው ውጤት ካልሰጠ መልቲኮሊኒያሪቲን (ገላጭ ቫሪያብሎች እርስ በርስ በጣም መያያዛቸውን) ይመርምሩ፤ በተለምዶ የዚህ መለኪያ የሆነው ቪአይኤፍ ከ10 ሲበልጥ ያሳስባል። ከቤተሰብ ጥናት በተወሰደ መረጃ ላይ ሄትሮስኬዳስቲሲቲ (የስሕተቱ ስርጭት ከሰው ሰው መለያየት) ስለሚበዛ ሮበስት ስታንዳርድ ኤረር ይጠቀሙ። የአንድ ሰው ዕድሜ 99 ወይም 999 ሆኖ ካገኙ ደግሞ ሽማግሌ አላገኙም፤ መልስ ያልተሰጠበት ጥያቄ ኮድ ሊሆን ስለሚችል የጥያቄ መዝገቡን አይተው ያጽዱት።

ደረጃ 5፦ የመመረቂያ ጽሑፍ

ርዕስ

«በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ዕድገት ወሳኝ ምክንያቶች» የሚል ርዕስ በየዓመቱ በየዲፓርትመንቱ ይቀርባል፤ ከአርባ የማይበልጡ ዓመታዊ መረጃዎችን ከስምንት ቫሪያብሎች ጋር አጭቆ ምንም የማይናገር ውጤት ይዞ ይደመደማል። በእኔ ግምት ለመጀመሪያ ዲግሪ ከሁሉም የከፋው ርዕስ ይህ ነው። ይልቁንም በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ገበያ ወይም በአንድ የቤተሰብ ጥናት መረጃ ላይ የሚመለስ ጠባብ ጥያቄ ይምረጡ።

ርዕስ ከማስመዝገብዎ በፊት መረጃው በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ። «ከመሥሪያ ቤቱ እጠይቃለሁ» የሚል ፕሮፖዛል ብዙ ጊዜ ሚያዝያ ላይ ይቆማል።

መረጃ የሚገኝባቸው ቦታዎች

የቀድሞው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ሶሺዮኢኮኖሚክ ጥናት በዓለም ባንክ የማይክሮ ዳታ ገጽ ላይ ተመዝግበው በነጻ የሚያወርዱት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011/12 የተካሄደው የመጀመሪያው ዙር ገጠርንና ትናንሽ ከተሞችን ብቻ የሸፈነ ነበር፤ ትልልቅ ከተሞች የተጨመሩት በ2013/14 ነው። በ2018/19 የተካሄደው አራተኛው ዙር ደግሞ አዳዲስ ቤተሰቦችን የመረጠ ስለሆነ ከቀደሙት ሦስቱ ጋር እንደ ፓነል (ያንኑ ቤተሰብ በየዙሩ እንደሚከተል መረጃ) አይያያዝም። ይህን ሳያውቁ አንደኛውንና አራተኛውን ዙር በቤተሰብ መለያ ቁጥር ለማጋጠም የሚሞክሩ ተማሪዎች ሳምንታት ያባክናሉ። ናሙናው ስለሚወክለው ሕዝብ ለመናገር ከመረጃው ጋር የሚሰጠውን የክብደት ቫሪያብል መጠቀምንም አይርሱ።

የዓመት ወጥመድ

የጊዜ ተከታታይ መረጃ የሚጠቀሙ ከሆነ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡት። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። የ2016 በጀት ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2023/24 ነው። የዓለም ባንክ የብሔራዊ ሒሳብ መረጃ ደግሞ ይህንኑ በጀት ዓመት በ2024 ሥር ያስቀምጠዋል፤ የበጀት ዓመቱ የሚያበቃበት ሰኔ 30 በአውሮፓውያኑ ከጁን መጨረሻ በኋላ፣ ጁላይ 7 ላይ ስለሚውል ነው። በዚህ ላይ በአውሮፓውያን ዓመት የተሰላ የምንዛሪ ተመን ወይም የዝናብ መረጃ ሲጨምሩ አንዱ ቫሪያብል ከሌላው በግማሽ ወይም በሙሉ ዓመት ይንሸራተታል። ሬግሬሽኑ ያለ ምንም ቅሬታ ይሠራል፤ ውጤቱ ግን የተሳሳተ ይሆናል።

1. የእያንዳንዱን ቫሪያብል ዓመት በሦስት ዓምድ ይጻፉ፦ የኢትዮጵያ በጀት ዓመት፣ የአውሮፓውያን ጥምር ዓመት፣ ምንጩ የተጠቀመበት ዓመት።

2. ዩኒት ሩት ቴስት (ቫሪያብሉ በጊዜ ሂደት ከአማካዩ እየራቀ የሚሄድ መሆኑን መፈተሻ) ሳያደርጉ ምንም ሞዴል አያስኬዱ። አብረው የሚያድጉ ሁለት ነገሮች ምንም ግንኙነት ሳይኖራቸው ከፍተኛ አር ስኩዌርድ (ሞዴሉ መረጃውን ምን ያህል እንደገለጸ የሚያሳይ ቁጥር) ይሰጣሉ።

3. የፖሊሲ ሥርዓት የተቀየረባቸውን ዓመታት ምልክት ያድርጉ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንድ ዶላር ተመን ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ የተፈጠረውን ዝላይ እንደ ተራ ዓመት ማለፍ አይቻልም።

አማካሪ ሲጠፋ

አማካሪዎ ብዙ ተማሪዎችን ስለሚይዙ መልስ ሊዘገይ ይችላል። «እባክዎ ይመልከቱልኝ» ብለው ሙሉ ጽሑፍ ከመላክ ይልቅ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቁርጥ ያሉ ጥያቄዎችን ጽፈው ቢሯቸው ድረስ ይሂዱ። በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለስ ጥያቄ ቆመው ሳሉም ይመልሱልዎታል። ከሌላ ተማሪ ጽሑፍ መገልበጥን ግን አያስቡት፤ ጽሑፉን በመምህራን ፊት በሚከላከሉበት ዲፌንስ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መረጃዎ ስለሚሆን በሁለተኛው ደቂቃ ይታወቃል።

ደረጃ 6፦ የመውጫ ፈተና

የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ሲሆን ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ይህን ያላለፈ ተማሪ ኮርሶቹን ሁሉ ቢጨርስም ዲግሪ አያገኝም፤ ደግሞ መፈተን ግን ይችላል።

1. የትምህርት ሚኒስቴርና ዲፓርትመንትዎ ያወጡትን የፈተና ኮርሶች ዝርዝር ይያዙና እያንዳንዱን ከግሬድዎ ጋር ያነጻጽሩ።

2. ጥናቱን በማይክሮ፣ በማክሮ፣ በኢኮኖሜትሪክስና በስታቲስቲክስ ይጀምሩ። ሌሎቹ ኮርሶች በእነዚህ ላይ ስለሚመሠረቱ አንዱን ማጥናት ሌላውንም ያግዛል።

3. የመመረቂያ ጽሑፉንና የፈተናውን ዝግጅት በአንድ ወር አያጋጥሙ። የጽሑፉን የትንተና ምዕራፍ ቢያንስ ከፈተናው ሁለት ወር አስቀድመው ይጨርሱ።

4. የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልዎ እንደሚሠራ በልምምድ ፈተናው ቀን ያረጋግጡ፤ ችግር ካለ ያኔውኑ ለዲፓርትመንቱ ያሳውቁ።

በቴሌግራም የሚዞሩ የጥያቄ ስብስቦች ለልምምድ ይጠቅማሉ፤ የመልስ ቁልፋቸው ግን ስሕተት ስለሚበዛው ያልገባዎትን መልስ በቃል አይያዙ። «የዘንድሮ ፈተና ወጥቷል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው።

ካላለፉ፦ ውጤትዎ ከ50 ምን ያህል እንደራቀ ይመልከቱ። በጥቂት ነጥብ ከሆነ ደካማ የሆኑባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ኮርሶች ብቻ ይያዙ። በብዙ ከሆነ ወደ ደረጃ 2 መመለስ ግድ ነው፤ ጥያቄ በመሸምደድ የሚዘለል ርቀት አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሰነዶች

ከግቢ ከመውጣትዎ በፊት ቴምፖውንና (ጊዜያዊ ዲግሪውን) ስቱደንት ኮፒውን (የውጤት ዝርዝሩን) ከሬጂስትራር ይውሰዱ፤ ስምዎ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ከ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትዎና ከፋይዳ መታወቂያዎ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመው ያረጋግጡ። ከከተማው ከወጡ በኋላ ይህን ማስተካከል አድካሚ ነው። የወጪ መጋራት ውልዎን ኮፒ ይያዙ፤ ዋናው ዲግሪ የሚለቀቀው ክፍያው ሲጠናቀቅ ነው፤ ቀጣሪዎችም ከደመወዝ ለመቀነስ ሰነዱን ይጠይቁዎታል።

ደረጃ 8፦ ሥራ

መንገድዎን ይምረጡ

ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሲቪ የሚበትን ተመራቂ የትም አይጠራም። ከሚከተሉት አንዱን ወይም ሁለቱን ይምረጡና ዝግጅትዎን በዚያ ልክ ያድርጉ።

ባንክ፦ ከፍተኛውን ቁጥር የሚቀጥረው ይህ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ በቅርንጫፍ በደንበኛ አገልግሎት ይጀምራል። ወደ ብድር ትንተና ለመሸጋገር የሒሳብ መግለጫ ማንበብና የፕሮጀክት አዋጭነትን ማስላት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የአካውንቲንግ ኮርሶችዎን አይናቁ።

መንግሥት፦ የፕላንና ልማት፣ የገንዘብና የገቢዎች መሥሪያ ቤቶች በፌዴራልም በክልልም ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይፈልጋሉ። በወረዳና በዞን ደረጃ ያሉት ቦታዎች ውድድራቸው የቀለለ ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጪ አልሠራም የሚል ሰው የራሱን ዕድል ያጠባል።

ጥናትና መረጃ፦ በዕለት አበል የሚሠራ የመረጃ ሰብሳቢነት ሥራ በብዙ ተመራቂዎች ዘንድ ይናቃል፤ ሆኖም በታብሌት መረጃ መሰብሰብን፣ የጥያቄ አወቃቀርን፣ ከሱፐርቫይዘር ጋር መሥራትን የሚያስተምር በመሆኑ ወደ ክትትልና ግምገማ ሥራ ከሚያስገቡ በሮች ሁሉ አጭሩ ነው። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር በሚያዘጋጃቸው ጉባኤዎች ላይ መገኘትም ከጥናት ሰዎች ጋር ያስተዋውቃል።

ካፒታል ገበያ፦ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ቦታዎቹ ገና ጥቂት ናቸው፤ ፋይናንስን የሚወድ ሰው ግን ደንቦቹን ከአሁኑ ማንበብ አለበት።

በኤክሴል አንድ ነገር በትክክል ይቻሉ

ለባንክም ለመንግሥትም የሚጠቅመው የተጣራ የአሁን ዋጋን (ኤንፒቪ፤ ወደፊት የሚገባው ገንዘብ ዛሬ ያለው ዋጋ ከወጪው ላይ ያለው ልዩነት) ማስላት ነው። 100,000 ብር ወጥቶበት ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 40,000 ብር የሚያስገባ ፕሮጀክት አለ እንበል። ድምሩ 120,000 ስለሆነ አትራፊ ይመስላል። በዓመት 10 በመቶ የዲስካውንት ተመን ወደ አሁን ዋጋ ሲመለስ ግን የሦስቱ ዓመታት ገቢ የአሁን ዋጋው 99,474 ብር ገደማ ነው፤ ፕሮጀክቱ 526 ብር ያህል ይከስራል። በ9 በመቶ ካሰሉት ደግሞ ወደ 1,250 ብር ያተርፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የኤክሴል የኤንፒቪ ፎርሙላ የመጀመሪያውን ቁጥር ጭምር በአንድ ዓመት ይቀንሰዋል። ስለዚህ የመነሻውን 100,000 ብር ከፎርሙላው ውጪ አድርገው ከውጤቱ ላይ ይቀንሱ፤ ፎርሙላው ውስጥ ካስገቡት የተሳሳተ መልስ ያገኛሉ። ቅጥር ፈተና ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው ይለያል።

ሲቪና ማመልከቻ

ደረጃ 1 ላይ የጻፉትን ወረቀት ያውጡና ማስታወቂያዎቹ የጠየቁትን ችሎታ በየመስመሩ ከሠሩት ሥራ ጋር ያገናኙ። «ስታታ እችላለሁ» ብለው አይጻፉ፤ «ከኢትዮጵያ ሶሺዮኢኮኖሚክ ጥናት የተወሰደ የቤተሰብ መረጃ አጽድቼ የማዳበሪያ አጠቃቀምን ተንትኛለሁ» የሚለው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ብዙ እጥፍ ይናገራል። በእርግጥ የሠሩትን ብቻ ይጻፉ። ማመልከቻ ለመቀበል ወይም «ለምዝገባ» ገንዘብ ለሚጠይቅ አካል ምንም አይክፈሉ።

ፈተናና ቃለ መጠይቅ

የጽሑፍ ፈተናው በብዛት እንግሊዝኛ፣ የቁጥር አመዛዘንና ጠቅላላ ዕውቀት ነው። ሰዓት ስለሚያጥር የመቶኛና የወለድ ስሌቶችን ያለ ካልኩሌተር ይለማመዱ። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ የመሥሪያ ቤቱን የቅርብ ዓመታዊ ሪፖርት አንብበው ይሂዱ፤ ስለ ጽሑፍዎ ሲጠየቁ ጥያቄውን፣ መረጃውንና ያገኙትን ውጤት በሁለት ደቂቃ መናገር እንዲችሉ አስቀድመው ጮክ ብለው ይለማመዱ።

ካልተጠሩ፦ ለጽሑፍ ፈተና እንኳ የማይጠሩ ከሆነ ችግሩ ሲቪው ወይም የመንገድ ምርጫው ነው። ለፈተና ተጠርተው ካላለፉ የቁጥርና የእንግሊዝኛ ልምምድ ይጨምሩ። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቀሩ ከሆነ አስቀድሞ ከተቀጠረ ጓደኛ ጋር የማስመሰያ ቃለ መጠይቅ ያድርጉ። ሦስቱን ሳይለዩ ማመልከቻ ማብዛት ድካም ብቻ ነው።

ማስተርስ ለመቀጠል ያሰቡ ከሆነ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከመመዝገብ ጎን ለጎን የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልዎትን ሁለት መምህራን ከግቢ ሳይወጡ ያነጋግሩ። ለእያንዳንዳቸው ስቱደንት ኮፒዎን፣ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ማጠቃለያና የትኛውን ኮርስ በየትኛው ዓመት እንዳስተማሩዎት የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ በአንድ ፋይል አድርገው ይላኩላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲደውሉ ፊትዎን ባያስታውሱ እንኳ ፋይሉን ከፍተው መጻፍ ይችላሉ።